የእናት ድምፅ በምን ይከፈታል

በድብ ባሕር መንደር ክረምት ሲገባ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ አስፋልቱን ይሻገርና ቤቶቹን ተራ በተራ ይወስዳቸዋል። መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ፤ ኋላም የጎረቤት አጥር። እንዲህ ባለው ቀን ሰው ከሰው የሚገናኘው በድምፅ ነው። በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ሳይታይ ይስላል፣ ሳይታይ "እንደምን ዋላችሁ" ይላል፣ ሳይታይ ይርቃል።

ሐረገወይን በዚያ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነው። አባቷን አገሩ ሁሉ አያ ቢያዝን ይላቸዋል። አያ ቢያዝን በጉልምስናቸው የስልክ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ የሰውን ድምፅ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሲያሻግሩ ኖሩ። የሰሙትን ደግሞ ለማንም ትንፍሽ አይሉም ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን ጆሯቸው ቀስ በቀስ ከዳቸው። መጀመሪያ የወፍ ጫጫታ ቀረ፣ ከዚያ የዝናቡ፣ በመጨረሻ የሰው። አሁን ሐረገወይን የምትነግራቸው ነገር ሲኖራት ግድግዳው ላይ በሰቀለችው ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ትጽፍላቸዋለች። እሳቸው አንብበው በአፋቸው ይመልሳሉ። የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙ አንዳንዴ ይጮኻሉ፣ አንዳንዴ ያንሾካሽካሉ።

እናቷ የትነበርሽ አልቃሽ ነበረች። ሰው ሲሞት ከሩቅ አገር ሳይቀር ይላክባት ነበር። ለቅሶ ቤት ገብታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትቆም፣ ገና አፏን ሳትከፍት፣ እንባው የደረቀበት ሰው እንኳ ዓይኑ ይሞላል ይሏት ነበር። ሐረገወይን ይህ ድምፅ እንዳይጠፋ ብላ እናቷ ከመሞቷ በፊት በላፕቶፗ ቀድታታለች። መጀመሪያ እናቷ እምቢ ብላ ነበር።

"ሰው ባልሞተበት ቤት ለቅሶ ሟርት ነው፤ ቤቴ ውስጥስ አላደርገውም" አለች።

ስለዚህ ከቤት ወጥተው ከባሕር ዛፎቹ ጥግ ተቀመጡ። ነፋሱና የውሻ ጩኸቱ አብሮ ስለተቀዳ፣ ሐረገወይን ቅጂውን የምታጠራበት አንድ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ጫነች። ፕሮግራሙ ድምፅን በሞገድ ሥሎ ያሳያል። እሷ የውሻውን ጩኸት እየፈለገች ስትቆርጥ አባቷ ከኋላዋ ቆመው ያዩ ነበር። ያኔ አላስተዋለችም።

የትነበርሽ ከሞተችና ተዝካሯ ከወጣ በኋላ በዚያ ቤት ስሟ አይነሣም። የተከለከለ ነገር አልነበረም። አባት ልጃቸውን እንዳያስለቅሷት ይፈራሉ፤ ልጅም አባቷን። ሁለቱም እራት ሲበሉ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ላሚቱ፣ ስለ መንገዱ መበላሸት ይነጋገራሉ። ሐረገወይን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ክፍሏ ገብታ በሩን ትዘጋና ከቅጂዎቹ አንዱን ትከፍታለች። የእናቷ ድምፅ ይመጣል። ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ለእሷ ይህ በቂ ነበር።

አንድ ቀን ግን ፋይሉን ስትነካው የወትሮው ማጫወቻ አልመጣም። ያ የማረሚያ ፕሮግራም ተከፈተ። የእናቷ ድምፅ ሰማያዊ ሞገድ ሆኖ ከስክሪኑ ዳር እስከ ዳር ተዘረጋ። ዝም ብሎ የተጋደመ የተራራ ሰንሰለት ይመስላል፤ ድምፅ የለውም። ሐረገወይን ዘጋችውና ከዝርዝሩ ማጫወቻውን መረጠች፣ "ሁልጊዜ በዚህ ክፈት" የሚለውን ምልክት አደረገችበት። ድምፁ መጣ። በማግስቱ ግን ተራራው እንደገና ተጋድሞ ጠበቃት።

አስተካከለችው። ተመልሶ ተለወጠ። ደግማ አስተካከለችው። እሷ ሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ነገር ያለ ምክንያት እንደማይሆን ለልጆች ስትናገር ትውላለች። ሆኖም ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ልቧ ሌላ ነገር ማሰብ ጀመረ። ምናልባት እናቷ መሰማት አልፈለገች ይሆናል። ሟርት ነው ብላ ነበር። በሕልሟም አየቻት፦ ጉም በሞላው መንገድ ላይ ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉ ግን አይደርስም። ሐረገወይን ልትጠጋት ስትል ጉሙ ሰማያዊ ይሆናል።

ቅዳሜ ላፕቶፑን በቦርሳዋ ይዛ ጎንደር ወረደች። ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ፈህሚያ የምትባል ኮምፒውተር የምትጠግን ሴት አለች። ሱቁ የአያቷ የዐብዱልከሪም የጨርቅ መደብር ነበር፤ ዛሬም ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ያልተሸጡ ጥቅል ጨርቆች አሉ። ከሥራቸው የተፈቱ ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። ፈህሚያ ሻርፏን ወደ ኋላ ለቀቅ አድርጋ አዳመጠቻት።

"ይኼ የተለመደ ነው እህቴ" አለች። "አንድን ዓይነት ፋይል የሚከፍቱ ፕሮግራሞች ሁለት ሦስት ሲሆኑ ይሻማሉ። አንዱ አፕዴት ሲደረግ 'እኔ ልክፈተው' ብሎ ራሱን ያስቀድማል። አንቺ የመረጥሽው ይቀርና የእሱ ይጸናል።"

"ታዲያ መፍትሔ የለውም?"

"አለው እንጂ። ከሴቲንጉ ገብቼ አጠብቀዋለሁ።"

ፈህሚያ አጠበቀችው። ማረሚያው ራሱን እንዳያስቀድም ከለከለችው። እየዘጋች እየከፈተች ሞከረችው፤ በማጫወቻው ተከፈተ። ሐረገወይን ልቧ ቀልሎ ተመለሰች።

ጥቂት ቀን ደህና ሰነበተ። አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ ጎረቤቷ እትዬ ብርቄ ከአጥሩ ማዶ ጠራቻት። ጉም ስለነበር ፊቷ አይታይም።

"ሐረጌ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትደንግጪ። ትናንት የየትነበርሽን ድምፅ ሰማሁት።"

"እኔ የቀዳሁትን ከፍቼ ይሆናል፣ እትዬ ብርቄ። ከሥራ ስመለስ እከፍተዋለሁ።"

"የለም፣ ቀትር ላይ ነው። አንቺ ተማሪ ቤት ነበርሽ። ጤፍ ሳበጥር መጣ፤ ጉሙ ውስጥ። ደግሞ አንድ ቦታ አይሄድም። አንዲቱን ስንኝ ብላ ትተዋለች፤ እንደገና እሷኑ ትላለች።"

ሐረገወይን ቀኑን ሙሉ ስታስተምር ጆሮዋ ወደ መስኮቱ ነበር። ከትምህርት ቤት ተመልሳ ላፕቶፑን ስትከፍተው ተራራው ተጋድሟል።

እንደገና ጎንደር ወረደች። ፈህሚያ ማሽኑን እሷ ዘንድ አስቀርታ ደጋግማ ፈተሸችው። ቫይረስ የለም። አፕዴት የለም። ሐረገወይን ልትወስደው ስትመጣ አልተለወጠም ነበር።

"እኔ ጋ ንቅንቅ አላለም" አለቻት። "እቤት ሌላ የሚነካው ሰው አለ?"

"የለም። ያለነው እኔና አባቴ ብቻ ነን። እሳቸው ደግሞ ጆሯቸው አይሰማም። ድምፅ ምን ያደርግላቸዋል?"

ፈህሚያ ላፕቶፑን መልሳ ወደ ራሷ ሳበች። "እንግዲያው ያንን ማረሚያ ጨርሼ ላጥፋው። ከሌለ አይከፍትም። ቅጂዎቹ ምንም አይሆኑም።"

"አጥፊው" አለች ሐረገወይን።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀጥ አለ። ከሥራ ስትመለስ ፋይሉን ትነካለች፤ ማጫወቻው ይመጣል፤ የእናቷ ድምፅ ክፍሉን ይሞላዋል። ሕልሙም ተዋት። ግን ደስ ሊላት ሲገባ ቤቱ ውስጥ ሌላ ነገር እየጎደለ መጣ። አያ ቢያዝን እህል ይተዉ ጀመር። ጠዋት ቶሎ አይነሡም። ስትወጣ በተቀመጡበት ስትመለስ ታገኛቸዋለች፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ደጁን ያያሉ። "አሞዎታል?" ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈች። "ደህና ነኝ" አሉ በሹክሹክታ።

እትዬ ብርቄም አይታቸው ነበር። "አያ ቢያዝን ምነው እንዲህ ጠወለጉ?" አለቻት ውኃ ሲቀዱ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ያም የቀትር ድምፅ ቀረ። መጀመሪያ ፈርቼው ነበር። ኋላ ግን ለመድሁት፤ ስሰማው የኔንም ሙቶች አስቤ ሸጋ አድርጌ አለቅስ ነበር። አሁን ቀትሩ ጭር አለብኝ።"

በዚያው ሰሞን ጉሙ እጅግ ከብዶ ልጆቹ እርስ በርስ መተያየት ስላቃታቸው ትምህርት ቤቱ ቀድሞ ተለቀቀ። ሐረገወይን አጥር አጥሩን እየዳሰሰች ቤት ደረሰች። በሩ ገርበብ ብሏል። የክፍሏም በር ክፍት ነው። አባቷ ወንበሯ ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ላፕቶፑ ላይ አጎንብሰዋል። መግባቷን አልሰሙም።

ከጀርባቸው ቆማ አየች። ከእናቷ ቅጂዎች አንዱን በፎቶ ማሳያው ሊከፍቱ ሞከሩ፤ ማሽኑ አልችልም አለ። በጽሑፍ መጻፊያው ከፈቱት፤ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ትርጉም በሌለው ምልክት ተሞላ። ያንን በጣታቸው እየተከተሉ ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት፤ የጠፋበትን ሰው በገበያ መካከል እንደሚፈልግ። ከዚያ ዘጉትና ደግመው ከመጀመሪያው ጀመሩ። አልተናደዱም። ብዙ ጊዜ የሠሩት ሥራ ይመስል ነበር።

ትከሻቸውን ነካቻቸው። ዘወር ሲሉ ዓይናቸው ቀልቷል።

"አጣኋት" አሉ ጮክ ብለው። "እዚህ ውስጥ ነበረች፤ አጣኋት።"

ሐረገወይን ሰሌዳውን ከግድግዳው አውርዳ መጣች፤ ግን ምን እንደምትጽፍ አላወቀችም። እሳቸው ቀጠሉ።

"ያን ጊዜ ውሻውን ስትቆርጪ አይቻለሁ። ውሻው ሹል ሹል ነው። ነፋሱ እንደ ሣር ነው፤ ከሥር ከሥር ይሄዳል። እሷ ስትነሣ ግን ተራራ ነው። አንቺ ሥራ ስትሄጂ እከፍትና አያታለሁ። ማሽኑ ግን ይደብቃታል። ዛሬ አግኝቻት ነገ ስመጣ ጠቁሮ አንዲት የዘፈን ምልክት ብቻ ያሳየኛል። እኔም ከዝርዝሩ ፈልጌ እመልሳታለሁ፤ 'ሁልጊዜ' የምትለዋን ምልክት አደርግባታለሁ። ሁልጊዜ ማለት መቼ እንደሆነ እንጃ፣ መልሶ ይደብቃታል። አሁን ደግሞ ጨርሶ ወሰዳት።"

ሐረገወይን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስንት ጊዜ በዚያች ምልክት ላይ እሷ የእሳቸውን፣ እሳቸው የእሷን ሲያፈርሱ እንደኖሩ አሰበች። ሁለቱም ማሽኑ ያበላሸባቸው መስሏቸው፣ ሁለቱም እየጠገኑ። ጠመኔውን አንሥታ ጻፈች፦ "ማሽኑ አይደለም አባዬ። እኔ ነኝ። ለመስማት ብዬ እለውጠው ነበር።"

አያ ቢያዝን አነበቡ። ረጅም ጊዜ አነበቡት።

"አንቺም ታያታለሽ?"

"እሰማታለሁ" ብላ ጻፈች። ቀጥላም የእትዬ ብርቄ ነገር ትዝ አላትና ጨመረች፦ "ቀትር ላይ ሲከፍቱ ድምፅ ይወጣ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ይሰማ ነበር።"

"ድምፅ?" አሉ። "እኔ እኮ ከታች ያለችውን ረጅሟን ቁልፍ የምነካው መስመሯ እንድትሄድልኝ ነው።" በእጃቸው አፋቸውን ሸፈኑ። "ጎረቤት ሁሉ? አዬ ጉድ። ስኖር የሰው ምሥጢር አላወጣሁ፣ ሽምግልና ላይ የገዛ ሚስቴን ለሠፈር አሰማሁ።" ከእጃቸው በስተጀርባ ሳቃቸው ይታይ ነበር። ሐረገወይንም ሳቀች፤ ስትስቅም አለቀሰች። የትነበርሽ ከሞተች ወዲህ በአባቷ ፊት ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር። እሳቸውም አልከለከሏት።

በሳምንቱ መጨረሻ ሁለቱም ተያይዘው ጎንደር ወረዱ። በመኪናው መስኮት አጠገብ አያ ቢያዝን ተቀምጠው የክረምቱን አረንጓዴ ሲያዩ ሄዱ። ፈህሚያ ሱቅ ሲደርሱ ሐረገወይን የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ፈህሚያ ሰምታ ስትጨርስ ወንበር ጠርጋ ለሽማግሌው አቀረበች።

"እኔ ነኝ ያጠፋሁባቸው" አለች። "ይቅርታ ጠይቂልኝ።"

ሐረገወይን በወረቀት ጽፋ አሳየቻቸው። አያ ቢያዝን አንብበው እጃቸውን አወዛወዙ። "ምን አድርጋ። ያልነገርናት እኛ ነን። እኛም አልተነጋገርንም።"

ፈህሚያ ማረሚያውን መልሳ ጫነችው። ከዚያ አንድ ሌላ ነገር አደረገች። "ኮምፒውተሩ ለየሰዉ የየራሱን ምርጫ መያዝ ይችላል" አለቻት ለሐረገወይን። "በእሳቸው ስም አንድ መግቢያ ከፍቼላቸዋለሁ። በራሳቸው ስም ሲገቡ ቅጂው በሞገድ ይከፈታል፤ በአንቺ ስም ስትገቢ በማጫወቻው። ፋይሉ አንድ ነው። የአንዳችሁ ምርጫ የሌላችሁን አይነካም።"

ስክሪኑ ላይ ሁለት ክብ መጣ። በአንዱ ውስጥ "ሐረገወይን"፣ በሌላው ውስጥ "ቢያዝን" ይላል። አያ ቢያዝን ስማቸውን አይተው አንገታቸውን ነቀነቁ። ነኩት። ፋይሉን ከፈቱ። ሰማያዊው ተራራ ከዳር እስከ ዳር ወጣ።

 ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አደረጉና በቀስታ፣ እንደሚዳብሱት ሁሉ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ወሰዱት።

"እዚህ ትተነፍሳለች" አሉ ለፈህሚያ። "ይችን ክፍተት እያት። ሁልጊዜ ከመነሣቷ በፊት እንዲህ ናት። ስታወጣው አይደለም የሚከብዳት፤ ስትይዘው ነው።"

ፈህሚያ ረጅሟን ቁልፍ ተጫነች። ቀጭኗ መስመር በተራራው ላይ መሄድ ጀመረች፤ የየትነበርሽም ድምፅ ሱቁን ሞላው። በደጅ የሚያልፉ ሁለት ሴቶች ቆሙ። አያ ቢያዝን ምንም አይሰሙም፤ ዓይናቸው ግን መስመሯ ላይ ነው። መስመሯ ወደ ትልቁ ተራራ ስትጠጋ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከድምፁ እኩል፣ ጭራሽ ጥቂት ቀድመው፣ እንዲህ አሉ፦

"ጉሙ የጋረደውን ነፋስ ይገልጠዋል፤
አፈር የጋረደውን ማንስ አይቶት ያውቃል።"

የሞተችው ሴት ድምፅና ጆሯቸው የማይሰማው ሽማግሌ ድምፅ አብረው ወጡ፣ አብረው ወረዱ። አንድ ፊደል እንኳ አልተላለፉም። ፈህሚያ እጇን ከቁልፉ አላነሣችም። ደጅ ከቆሙት ሴቶች አንዷ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፤ ሌላዋ "የማን ለቅሶ ነው?" ብላ ጠየቀቻት። መስመሯ ጫፍ ደርሳ ስትቆም ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ለአፍታ ሕልም ላይ ያለ ይመስል ነበር።

"ሸጋ ነው" አሉ አያ ቢያዝን። "ሁሉም በቦታው አለ።"

ከዚያ ወዲህ ፋይሎቹ አልተለወጡም። ቀትር ላይ የየትነበርሽ ድምፅ በጉሙ ውስጥ መሰማት ጀመረ፤ አያ ቢያዝን ድምፁን ሊያጠፉት ፈልገው ነበር፣ እትዬ ብርቄ ግን እንዲተዉት በሐረገወይን በኩል ላከችባቸው። እራት ላይም ነገር ተለወጠ። አባትና ልጅ ስለ ዝናቡና ስለ ላሚቱ ተነጋግረው ሲጨርሱ ስለ እሷ ይቀጥላሉ። ሐረገወይን አንዳንድ ቀን በአባቷ ስም ገብታ አብራቸው ትቀመጣለች። ነፋሱን ከትንፋሽ መለየት አስተማሯት። አንድ ቦታ ላይ እናቷ ልትስቅ ብላ የተወችው ሳቅ ነበር፤ ሐረገወይን ያን ሁሉ ጊዜ ስትሰማ አላገኘችውም፤ እሳቸው በዓይናቸው አሳዩዋት።

መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ አንድ ከሰዓት በኋላ ደጅ ተቀምጠው ሳለ ሐረገወይን ላፕቶፑን አመጣችና ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ "አንቱንም ልቅዳዎት።"

"እኔን? እኔ ምን አለኝና?"

"ይናገሩ ብቻ" ብላ ጨመረችበት።

አያ ቢያዝን አመነቱ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ የስልክ ቤት ሠራተኛ ሳሉ አንዲት ልጅ ለአጎቷ መርዶ ልትነግር መጥታ፣ መስመሩ እስኪገናኝ ድረስ ቆማ ለራሷ ስታንጎራጉር እንደሰሟት፣ መስመሩ ከተገናኘ በኋላም እንጉርጉሮዋ እንዳይቋረጥ ብለው ሳይነግሯት ጥቂት እንዳቆዩዋት ተናገሩ። ሐረገወይን ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም ነበር። ሲጨርሱ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረችው።

የራሳቸውን ድምፅ ከዓመታት በኋላ አዩት። ጎንበስ ብለው መረመሩት።

"ዝቅ ያለ ነው" አሉ። "የእሷ የሰሜን ተራራ ነው፤ የኔ የደንቢያ መሬት። ሜዳ ብቻ።" ጣታቸው ግን መሀል ላይ ቆመ። ሜዳው ላይ አንዲት ትንሽ ጉብታ ብቻዋን ወጥታለች። "ይችስ ምንድን ናት?"

ሐረገወይን ጠመኔውን አነሣች። "ልጅቷን እንዳቆዩዋት ሲናገሩ" ብላ ጻፈች፣ "እዚያ ላይ ስቀዋል።"

አያ ቢያዝን አነበቡና ጉብታዋን ደግመው አዩ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ላፕቶፑ አስጠጉ። "በይ እንደገና ክፈችው" አሉ፤ "ገና መች ጨረስኩ።"